«ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ያልኩ ዕለት

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ገና መጥራት በጀመረበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ ሳለ ጦስኝ ሸተተኝ። የከተማ ሰው ጦስኝን የሚያውቀው ሻይ ውስጥ ነው። እኔ የማውቀው መሬት ላይ ነው፤ ወገራ ደጋ ላይ በቅሎ ስትረግጠው፣ የጠዋቱ ብርድ ጆሮ ሲቆነጥጥ፣ ሽታው ከኮቴዋ ሥር ተነሥቶ ደረት ድረስ ሲገባ። ባለሁበት ቆምኩ። ገበያ መሃል መቆም ለእንደኔ ዓይነቱ ሽማግሌ አይመከርም፤ ሰው ይገፋል፣ ባጃጅ ጡሩንባ ይነፋል። ግን ቆምኩ። ጦስኙን በትንንሽ እስር አድርጋ ጆንያ ላይ የደረደረች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ቀና ብላ አየችኝ።

«አያ ሞላ አይደሉም?» አለችኝ። «ፈረንጅ ይዘው በበቅሎ ይመጡ የነበሩት?»

አላወቅኋትም። የቄስ ውበቱ ልጅ ትብለጥ መሆኗን ነገረችኝ። በዚህ ምድር ላይ ዓይኗን ማየት የምፈራት ሰው ብትኖር እሷ ነበረች። ፈልጌ ላገኛት ይገባኝ የነበረችውም እሷው ነበረች።

ነገሩን ከሥሩ ካላነሣሁት አይገባችሁም። እኔ አስጎብኚ ነበርኩ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔንም ለድጓ ነበር ያሰቡኝ፤ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ቆይቼ ጥዬ ወጣሁና እንግሊዝኛ ተማርኩ። ዓመተ ምሕረቱን አታስቆጥሩኝ። መንገድ ተከፍቶ ፈረንጅ እንደገና መምጣት የጀመረበት ዘመን ነው በሉት። ፒያሳ ላይ ማኪያቶ በብር ከሃምሳ ይጠጣ ነበር። ካሴት ቤቱ ሞንታርቦውን በር ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ የመሰንቆ ዘፈን ይለቃል፤ እኛም ግጥሙን በቃላችን ይዘን እያንጎራጎርን ወደ ግንቡ በር እንወጣለን። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ የነበረ ልብስ ሰፊ ያሰፋልኝ ቡናማ ኮት ነበረኝ፤ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት። ጋሪዎቹ በአራዳ በኩል ደወላቸውን እያሰሙ ሲያልፉ ባለጋሪው ሁሉ በስሜ ይጠራኛል። ኮቱ ደረት ላይ ደግሞ ፎቶዬና ስሜ ያለበት የማስጎብኚያ ፈቃዴ ይንጠለጠላል። ያችን ካርድ ከነፍሴ አስበልጬ እወዳት ነበር። ይህን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም።

ግንቡ ውስጥ ስገባ አንደበቴ ይፈታል። እንግዶቹን የፋሲል ግንብ ሰገነት ላይ አውጥቼ፣ ሰማዩ የጠራ ዕለት ጣናን በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስወስዳቸው ጫማቸውን አስወልቄ ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው አስተኛቸዋለሁ፤ ከጣሪያው መላእክቱ በዚያ በትልልቅ ዓይናቸው ቁልቁል ሲያዩዋቸው ያ ሁሉ ለፍላፊ ጸጥ ይላል። ባሕር አቋርጦ መጥቶ በእኛ የጥንት ሰው የእጅ ሥራ ፊት ዝም የሚል ሰው ማየት እንዴት ደስ ይል ነበር። አሁን በግንቡ በር ሳልፍ የቀሩት አስጎብኚዎች ጥላ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። ኮታቸውን ግን ለብሰው ነው፤ ምናልባት ሰው ከመጣ ብለው። ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔ መሆኔን ሲያዩ ወደ ዳማቸው ይመለሳሉ።

ሌላ አስጎብኚ የማያውቀው፣ የኔ ብቻ የሆነ አንድ ቦታ ነበረኝ። በደባርቅ መንገድ ኮሶዬ ላይ ወርደን ገደሉን እናያለን፣ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እንበላለን፤ አምባ ጊዮርጊስ ማኪናውን አቁመን ከዚያ በበቅሎ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በጽድና በወይራ መሃል። ከውጭ ሲያዩዋት ተራ የገጠር ደብር ናት። ውስጧ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሸማ ላይ ተስሎ የተለጠፈ ሥዕል ነው፤ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ሠዓሊ እጅ። ከሁሉ የምትበልጠው ከመጋረጃ ጀርባ ያለችው ነበረች። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ከእግሯ ሥር ሥዕሉን ያሠራችው ወይዘሮ በግንባሯ ተደፍታለች፤ ከጎኗ «ተማኅፀነት በኪ አመትኪ» ይላል፤ አገልጋይሽ ባንቺ ተማጠነች ማለት ነው። የመንደሩ ሰው ከዚያች ወይዘሮ እንወለዳለን ይላል፤ «እሜቴ» ነው የሚሏት። ልጅ ሲታመም ለእሜቴ ይነገራል፤ ዝናብ ሲዘገይ ለእሜቴ ይነገራል። መጋረጃው የሚገለጠው ግን በዓመት ሁለት በዓል ብቻ ነበር።

የደብሩ ገበዝ ቄስ ውበቱ ነበሩ፤ ቁልፉም የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ የሚሸፍኑ ሰው። መጋረጃውን ለእንግዳ ይግለጡልኝ ስላቸው እምቢ አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። የመሪጌታ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው፤ የሩቅ ሰው መጥቶ ሲያደንቃት ለደብሩ ክብር ነው አልኳቸው። በሦስተኛው፣ «አንተ ካልክ ሸጋ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ እንግዳ ይዤ እንደሄድኩ አላስታውስም። ቤታቸው በልቻለሁ፤ ብርድ ሲበረታብኝ ጋቢያቸውን ከላያቸው አውልቀው አልብሰውኛል።

አንድ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሰው መጣ። አገሩን አልናገርም፤ ከየትም ሊመጣ ይችል ነበር። ሽበታም፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ፊደላችንን የሚያነብ ሰው። የሥዕል ወረቀት የሚይዝበት ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ ነበረው። ሾፌራችን ወርቁ ይባል ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ዘፈን ካልከፈተ መንዳት የማይሆንለት ሰው። ቱቦው ላንድሮቨሩ የኋላ ወንበር ላይ ተጥሎ፣ ውስጡ ያሉት እርሳሶች በየጉድጓዱ ቋ ቋ ይሉ ነበር፤ ወርቁ ዘፈኔን አበላሸብኝ እያለ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሲያማርር ሄደ።

ሰውየው ሥዕሏን በእርሳስ ልቅዳ፣ ረጋ ያለ ሰዓት ስጡኝ አለ። ቄስ ውበቱ እንግዳን ብቻውን ትተው አያውቁም ነበርና ጥግ ይዘው ሊቆሙ ፈለጉ። እኔን ራበኝ፤ ብርዱም አጥንቴ ገባ። «ግዴለም አባ፣ አውቀዋለሁ፤ ታማኝ ሰው ነው» አልኳቸው። አላውቀውም ነበር። ካገኘሁት ገና ሁለተኛ ቀኔ ነበር። እሳቸው ግን ሰውየውን ሳይሆን እኔን አምነው ተከተሉኝ፤ ቤታቸው ገብተን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ጠላ ጠጣን። ስንመለስ መጋረጃው በወጉ ተጋርዷል፤ ሰውየው ቱቦውን በትከሻው አንግቶ ጽዱ ሥር ይጠብቀናል። መጋረጃ ያለ በዓል ወይም ያለ እንግዳ አይገለጥምና ቄስ ውበቱ ተሳልመው በሩን ዘጉ።

ወደ ጎንደር ስንመለስ፣ ኮሶዬ ላይ ወርቁ ቴፑን ቀነሰ።

«ሞላ፣ ይህ ቱቦ ጠዋት ይንኳኳ ነበር» አለኝ፣ ሰውየው እንዳይጠረጥር ድምፁን ሳይለውጥ።

«እና?»

«አሁን አይንኳኳም።»

በመስታወቱ አየሁት። ሰውየው ቱቦውን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎታል፤ ዓይኑ ገደሉ ላይ ነው። ላስቆም እችል ነበር። ክፈተው ልለው እችል ነበር። «መንገድህን እይ» አልኩት ወርቁን። ሰውየው በማግስቱ በአውሮፕላን ሄደ፤ ሲሰናበተኝ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ኅዳር ጽዮን ላይ መጋረጃው ሲገለጥ፣ ከእመቤታችን ጉልበት በታች እሜቴ የለችም። በምላጭ ዙሪያዋን ተቆርጣ ጭቃው ግድግዳ ብቻ ቀርቷል። ሴቶቹ ሰው እንደሞተ አለቀሱ አሉ። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ጎንደር ድረስ መጥተው ግንቡ በር ላይ አገኙኝ። መሪያቸው አያ ፈንታ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ ቁመናቸው ያማረ፣ ንግግራቸው የተመጠነ። የመጨረሻው ፈረንጅ ብቻውን ቀርቶ እንደነበር መስማታቸውን ነግረውኝ፣ አንተ ምን ትላለህ አሉኝ። በዚያ ወር አንድ ባልደረባችን ከዚህ ባነሰ ነገር ፈቃዱን ተነጥቆ ነበር። ሚስቴም እርጉዝ ነበረች። ይህን የምለው ሰበብ እንዲሆነኝ ሳይሆን፣ በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይኸው ስለነበረ ነው።

«እንግዶቼ ታማኞች ናቸው» አልኳቸው። «ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አመስግነውኝ ሄዱ። አልዋሸሁም፣ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ።

ቄስ ውበቱን የደበደባቸውም የከሰሳቸውም የለም። መስቀላቸውን የሚሳለም ጠፋ፣ ይኸው ነው። ሲያልፉ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ጓሮ ይጠሩ ጀመር። ንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ሌላ አባት ያዙ። ቁልፉንም ተቀበሏቸው። እሳቸው ምን እንደመለሱ ጠይቄ ነበር፤ «አልነካሁም» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም አሉኝ። ያዘናጋኋቸው እኔ ነኝ፤ ሞላ ነው ያዘናጋኝ ብለው እንኳ አልተናገሩም።

ወደ ቆላ ሊወርዱ ሲሉ ጎንደር መጡ። አንድ ጠዋት ከቤቴ በር ላይ አገኘኋቸው፤ በትራቸውን ይዘው፣ ጥምጥማቸውን አውልቀው እንደ ተራ ገበሬ ራሳቸውን በነጠላ ሸፍነው። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት አሉኝ፤ በመንገድ ላይ ያየኸው፣ የጠረጠርከው ነገር ነበር?

«የለም አባ» አልኳቸው። «ምንም አላየሁም።»

ቀጥሎ ያሉት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ «እንግዲያስ ሌላ ሰው ነው። አንተ አላየሁም ካልክ አላየህም።» በልማድ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና፣ እሳለም ይሆን አልሳለም ይሆን ብለው ሲያመነቱ አየኋቸው። ተሳለምኩ። ፊታቸው በራ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም።

መተማ ቆላ ወርደው ሰሊጥ ሲያርሙ፣ ወባ ገደላቸው አሉ። ወሬውን የሰማሁት ቆይቶ ነው፤ ያን ዕለትም ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንግዳ አስተኝቼ ስለ መላእክቱ እተርክ ነበር። ወርቁ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠጅ ቤት፣ «ያ ቱቦ» ብሎ ጀመረና ዓይኔን አይቶ ተወው። እሱም ሞተ፤ ሚስቴም ሞተች፤ ልጄም ራቀ። እንግዳውም ቀስ በቀስ ሳስቶ ሳስቶ ጭርሱን ጠፋ። እግዜር እኔን ቀጣኝ አልልም፤ አንድ እኔን ለመቅጣት ከተማ ሙሉ ሰው አያስርብም።

እንግዲህ ገበያው ውስጥ ከፊቷ የቆምኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ትብለጥ አንድ እስር ጦስኝ አንሥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ፤ ዋጋውን ብጠይቃትም ከእርስዎ አልቀበልም አለች። ከአባቷ በኋላ ከእናቷ ጋር ትክል ድንጋይ ከተማ ዘመድ ቤት አድጋለች፤ እናቷ ሞታለች፤ እሷም የደጋውን ጦስኝ ከመንገደኛ እየተረከበች እዚህ ትቸረችራለች። ስለ አባቷ ያነሣችው ራሷ ናት። «እናቴ ነበረች የምትነግረኝ» አለች። «ሲሰናበታት፣ ጎንደር አንድ የሚያምነኝ ሰው አለ፤ ሞላ መስቀሌን ተሳልሟል፤ እያለ ነበር አሉ የወረደው።»

ጦስኙን ይዤ ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጦስኙ ክፍሌ ውስጥ ሸተተ፤ አውጥቼ ጣልኩት፤ ቢሆንም ሸተተ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለስኩ። ከጎኗ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቱቦውን፣ ወርቁን፣ ግንቡ በር ላይ ያልኩትን፣ ቤቴ በር ላይ ያልኩትን። ስነግራት እስሮቹን ታስራለች። እጇ አልቆመም። ስጨርስም ማሰሯን ቀጠለች። እርግማን ጠብቄ ነበር፤ ቢመጣልኝ ኖሮ እፎይ እል ነበር።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ በመጨረሻ። «እኔ እንዳልሰረቀ አውቃለሁ። እዚያ ሄደው ይንገሩ። ሰው በተሰበሰበበት።»

የዚያን ጊዜ በተኩስ ምክንያት ተዘግቶ የከረመው መንገድ ለጥቂት ሳምንት ተከፍቶ ነበር። በአውቶብስ አምባ ጊዮርጊስ ደረስኩ። በቅሎ የሚያከራይ አልነበረም፤ በቅሎ ያላቸውም የሚነግዱበት ልብ አልነበራቸውም። የሦስት ሰዓቱን የበቅሎ መንገድ በእግሬ ከማለዳ እስከ ማምሻ ፈጀሁበት፤ የገብሱ ማሳ አንዱ ታርሷል፣ አንዱ ጦም አድሯል። አንድ መበለት አሳደረችኝ። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ሲቀመጥ የምናገረው አለኝ አልኩ። ቄሱ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ናቸው፤ ፈቀዱልኝ።

ተናገርኩ። ያን ሁሉ ዘመን በሕልሜ የማየው ይህን ነበር፤ ሕዝቡ ሲነሣብኝ፣ ድንጋይ ሲያነሣ። የተነሣ የለም። አብዛኛው ያን ጊዜ ያልተወለደ ነው። ጥቁር የለበሱት ሴቶች ዓይናቸው ላይ ሌላ ሐዘን አለ፤ የቅርብ፣ ገና ያልደረቀ። ከኋላ አንዱ ጎልማሳ ጎኑ ያለውን ሰው «የትኛው ቄስ ነው እሚለው?» ሲል ሰማሁት። ጎኑ ያለውም አላወቀም። የቄስ ውበቱን ስም ላጸዳ መጥቼ ስሙ ራሱ ጠፍቶ ጠበቀኝ። መጋረጃው ተነሥቶ፣ እሜቴ በነበረችበት ቦታ እንኳ የማተሚያ ቤት የወረቀት ሥዕል ተለጥፎ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ከቅጥሩ ጥግ ተነሡ። ሁለት ዓይናቸው ጠፍቶ በበትር እየዳበሱ ነበር፤ አያ ፈንታ ናቸው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። በእጃቸው ፊቴን ፈልገው ዳበሱኝ፤ የሚመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ምነው ያኔ?» አሉኝ። «ምነው ያኔ ሞላ? መስቀሉን አልሳለምም ብዬ መጀመሪያ የተመለስኩት እኔ ነኝ። ሰዉ እኔን አይቶ ነው።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። ሁለት ሽማግሌዎች መሬት ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን፤ ሕዝቡም የማያውቀውን ለቅሶ ከሩቅ ያያል። ወጣቱ ቄስ ቀረብ ብለው አጽናኑን። ለሟቹ ጸሎተ ፍትሐት እናደርሳለን፣ በደብራቸው ስማቸው በካህን አፍ ይጠራል፣ ለሕዝቡም ያለ በደል እንደሄዱ በዓውደ ምሕረት እናገራለሁ አሉ። ቀጥለው የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ።

አያ ፈንታን አየኋቸው። አያውቁም። «ቄሱ፣ አባ፣ ገበዙ ነበር የምንለው» አሉ። የዘመኑ ካህናት ሁሉ ሞተዋል። እኔም አላውቅም። ከማዕዳቸው በልቼ፣ ጋቢያቸውን ለብሼ፣ እንጀራቸውን አስነጥቄ፣ አንድም ቀን የክርስትና ስምዎ ማነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ልጃቸው ታውቅ ይሆናል፣ ይዤ እመለሳለሁ አልኩ። አያ ፈንታ እጄን ይዘው፣ ቶሎ ና፣ እስክትመጣ እቆይ ይሆናል አሉኝ።

ትብለጥ ስሙን ነገረችኝ። በየዓመቱ እዚህ ጎንደር ታስጠራው ነበር፤ «እዚያ ነው ያልተጠራው» አለችኝ። አውቶብስ ተራ በሄድኩበት ቀን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። በማግስቱም ተዘግቶ ነበር። ስልክ አይሠራም። ይኸው ስንት ወር ሆነ፣ በየጠዋቱ እወርዳለሁ፤ ተራ አስከባሪው ወዴት ነው ማለቱን ትቷል፤ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። አያ ፈንታ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። እኔም እግሬ አብጧል፤ በዚህ ሳምንት እስከ አውቶብስ ተራ ለመድረስ ሁለት ጊዜ አርፌ ነው።

ስለዚህ እዚህ ላይ ጻፍኩት። ከእናንተ መካከል ከእኔ ቀድሞ መንገድ የሚቀናው ካለ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ፀሐይ መውጫ የሚሄደውን የእግር መንገድ ያዙ፤ ሥዕሏ የተቆረጠችባት ደብር ብትሉ እረኛ ሁሉ ይመራችኋል። የቄስ ውበቱ ደብር አትበሉ፤ የሚያውቅ አታገኙም። ለቄሱ ስሙ ወልደ ሰንበት ነው በሏቸው። ወልደ ሰንበት።